ጣና ደጃችን፣ ፖስትዶኩ ባሕር ማዶ

በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞረውን መልእክት ሳታዩት አትቀሩም። «ሙሉ ወጪው የተሸፈነ ፖስትዶክ! ከመቶ በላይ ክፍት ቦታ! ሳይዘጋ አመልክቱ፣ ለጓደኛ አጋሩ!» ዓይነት ነገር ነው። ከሥሩ የሊንክ መዓት ይደረደራል። አንዱን ስትከፍቱት ቀኑ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ሁለተኛው ወደ ሌላ ቻናል ይወስዳችኋል። ሦስተኛው እውነተኛ ማስታወቂያ ነው፤ ግን የሚፈልገው በአንድ የተለየ የሌዘር መሣሪያ ላይ አራት ዓመት የሠራ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ እናንተ አይደላችሁም።

የማስተምረው ባሕር ዳር ነው። በዓመት ስንት ጊዜ «መምህር፣ ፖስትዶክ የት ይገኛል?» ተብዬ እንደምጠየቅ አልቆጠርኩም። ጠያቂዎቹ አንዳንዴ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ አርቆ ማሰብ ነው። «የት» የምትለዋ ቃል ግን ታበሳጨኛለች። ይህ ጽሑፍ ከዚህች ቃል ጋር ያለኝ ጠብ ነው በሉት።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ፖስትዶክ፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚሉት ድኅረ ዶክትሬት፣ ዲግሪ አይደለም። ፈተና የለውም፣ ምረቃ የለውም፣ ጋዋን አይለበስበትም። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ሌላ የምርምር ቡድን ውስጥ ገብቶ፣ እየተከፈለው፣ ምርምር ብቻ የሚሠራበት የኮንትራት ሥራ ነው። ልማዱ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1919 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ለወጣት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ዶክተሮች እንዲህ ያለ ዕድል መስጠት ጀመረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወጣቱ ሰው ማስተማሩ ለትንሽ ጊዜ ቀልሎለት ቢመራመር ምን ሊያወጣ ይችላል የሚል ሐሳብ ነበር።

እኛ ጋ ችግሩ የሚጀምረው ፖስትዶክን የስኮላርሺፕ ታላቅ ወንድም አድርገን ስናየው ነው። ስኮላርሺፕ ወንበር ነው። ወንበሩ አስቀድሞ አለ፤ ይታወጃል፣ ሺህ ሰው ይሰለፋል፣ ውጤቱ የበለጠው ይቀመጣል። ስለዚህ ማስታወቂያ ማሳደዱ ያስኬዳል። ፖስትዶክ ግን አወላለዱ ሌላ ነው። አንድ ፕሮፌሰር ለዓመታት ሲከነክነው የቆየ ጥያቄ አለ። ጥያቄውን ጽፎ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይከለከላል፤ እንደገና ይጽፋል፤ አንድ ቀን ይሳካለታል። በበጀቱ ውስጥ «አንድ ሰው፣ ለሁለት ዓመት» የምትል መስመር አለች። ያን ጊዜ የሚፈልገው እንዲሁ ጎበዝ የሆነ ሰው አይደለም፤ ቡድኑ ውስጥ የጎደለችውን ሙያ ይዞ የሚመጣለት ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ሳይወጣ ሁለት ሦስት ስም አእምሮው ውስጥ ተቀምጧል፦ ኮንፈረንስ ላይ ያገኘው፣ ጽሑፉን ያነበበለት፣ ከስድስት ወር በፊት ደህና ጥያቄ በኢሜይል የላከለት። አድልዎ ነው ትሉ ይሆናል። በከፊል ነው። ግን ለሁለት ዓመት ላቡን ለማያውቀው ሰው የሚያስረክብ የለም።

ሐሳቡን ራሳችሁ ይዛችሁ የምትሄዱበት ሌላ ዓይነትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በማሪ ስክሎዶውስካ-ኩሪ ስም የሚሰጠው፣ የጀርመኑ የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ፋውንዴሽን፣ የጃፓኑ ጄ.ኤስ.ፒ.ኤስ. እዚህ ውስጥ ናቸው። ስማቸውን ቻናሎቹ ሁሉ ያውቁታል። የማይነግሯችሁ ግን ሦስቱም የሚጋሩትን ነገር ነው፦ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት «እኔ ጋ ይምጣ» የሚል ተቀባይ ተመራማሪ ያስፈልጋል። በጃፓኑ አንደኛው መንገድማ ማመልከቻው የሚገባው እዚያው ባለው ተቀባይ በኩል ነው። ፎርም መሙላቱ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ማግኘት ነው።

አንድ የምስራችም በመካከል ልንገራችሁ። የማሪ ኩሪው ደንብ ከመዝጊያው ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ ሰው አይቀበልም። ሰዎች ከአገር አገር እንዲንቀሳቀሱ ተብሎ የወጣ ነው። ከባሕር ዳር ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ደንብ እንቅፋት አይሆንበትም። ቤት መቀመጥ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ ማለት ነው!

ይህን ሁሉ የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም ዶክትሬቴን እንደጨረስኩ ለስልሳ ምናምን ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ልኬአለሁ። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በድንቅ ሥራዎ እጅግ ተማርኬአለሁ» ይላል። የትኛው ሥራ እንደሆነ አይናገርም፤ ምክንያቱም አላነበብኩም። አንደኛው ደብዳቤ ስሙን መቀየር ረስቼ የሌላ ሰው ስም ይዞ ሄደ። መልስ የሰጡኝ አራት ነበሩ። ሦስቱ በጨዋ ደንብ «ቦታ የለንም» አሉኝ። አራተኛዋ አንድ መስመር ብቻ ጻፈችልኝ፦ «የትኛውን ጽሑፌን አነበብክ?» ምን ልመልስ? ዝም አልኩ። አሁን ላይ ሳስበው ያቺ ሴትዮ በሩን ገርበብ አድርጋልኝ ነበር፤ የሚያስገባኝ ነገር ያልያዝኩት እኔ ነኝ።

እዚህ አገር ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቁት የነበሩ ሰዎች አሉ። የቆሎ ተማሪውን አስቡት። አኩፋዳውን አንግቶ የሚሄደው ወደ ክፍት ቦታ አልነበረም፤ ወደ መምህር ነው። ቅኔ የፈለገ ጎጃም ይሻገራል፣ ዋሸራ ይወርዳል። ድጓ የተማረው ለማስመስከር ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ። አንዱ ጋ ያለው እውቀት ሌላው ጋ እንደሌለ ያውቃል፣ መምህሩንም ከመድረሱ በፊት በስም ያውቀዋል። እዚያ ሲደርስም መጀመሪያ የሚጠየቀው ከማን ምን ተምሮ እንደመጣ ነው። እኛ ታብሌት ይዘን የጠፋን እነሱ በእግራቸው ያገኙት ነገር ይህ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ሐይቁ እንውረድ፤ ምሳሌው እዚያ ነውና።

ጣና ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በዚህ ስፋት ልክ አይደለም፣ በጣም ጠለቀ ሲባል 14 ሜትር ነው። ጠዋት ዳር ላይ ብትቆሙ አጥማጆቹ በደንገል ታንኳና በሞተር ጀልባ አምባዛ፣ ቆሮሶና ነጭ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ። ነጭ ዓሣ ስንለው አንድ ዓሣ ይመስላል። አይደለም።

በ1830ዎቹ አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርት ሩፐል ከእነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን የተለያዩ ዝርያዎች ብሎ መዝግቦ ነበር። በ1973 ደግሞ ኪት ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ልዩነታቸው የአንድ ዝርያ መለዋወጥ ነው ብሎ አብዛኞቹን በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ነገሩ የተዘጋ መሰለ። በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ዓሣ በዓሣ ለኩ፤ የአፉን ቅርጽ፣ የጭንቅላቱን ርዝመት፣ የሚበላውን፣ የሚኖርበትን ጥልቀት። በ1994 «የተረሳ የዝርያዎች ስብስብ ይሆን?» ብለው በጽሑፍ ጠየቁ። በ1997 ሰባት አዳዲስ ዝርያዎችን ሰየሙ። አሁን ትልልቆቹ ነጭ ዓሦች 15 ያህል ዝርያዎች እንደሆኑ ይነገራል።

ከእነዚህ ስምንቱ ዓሣ በሊታዎች ናቸው። ምን ይገርማል ካላችሁ፣ የዚህ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጨጓራም የላቸውም። ጥርስና ጨጓራ የሌለው አዳኝ! በዓለም ላይ ከዚህ ወገን ዓሣ እየበላ የሚኖር ጥቂት ነው፤ እዚህ አንድ ሐይቅ ውስጥ ስምንት ተሰብስበዋል።

ታዲያ ስምንቱ ምን እየበሉ ይኖራሉ? ሁሉም ሰው ትልልቆቹን ሲያይ ትንንሾቹን ያጠኑት ዶክተር እሸቴ ደጀን ናቸው። በ2000 ከማርቲን ደ ግራፍና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እስከዚያ ድረስ ስም ያልነበረውን፣ የጣት ያህል የሆነውን የክፍት ውኃ ዓሣ ባርበስ ታናፔላጊየስ ብለው ለሳይንስ አስተዋወቁት። ከሐይቁ መሐል በዓይን የማይታዩ ያህል ጥቃቅን የሆኑ የውኃ እንስሳትን ይበላል፤ እሱን ደግሞ አዳኞቹ ይበሉታል። በ2003 በዋገኒንገን ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ በእነዚሁ ትንንሽ ዓሦች ላይ ነው። ማንም ከቁብ ያልቆጠረውን ነገር ጥያቄ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

አሁን አንድ ሌላ ጽሑፍ ልጨምርላችሁ። በ2007 በዌልስ የአቤሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ላም ከባልደረቦቹ ጋር የጣናን ወለል በድምፅ ሞገድ አጥንቶ፣ ደለሉንም በቱቦ አውጥቶ ያገኘውን አሳተመ። የዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን እየተገባደደ ሳለ፣ ጣና ደርቆ ነበር። አዎ፣ ጣና። ከጸሐፊዎቹ መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሐመድ ዑመር አሉበት። እሸቴ ደጀንም አሉበት። የዓሣው ሰው፣ በደለል ጽሑፍ ላይ።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሐይቁ ከደረቀ ዓሦቹ የት ነበሩ? ውኃው ከተመለሰ በኋላ 15ቱም እዚሁ ተለያይተው ከሆነ፣ ይህ በዝግመተ ለውጥ ሚዛን ቅጽበት ነው። በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ ወንዞች ተጠልለው ከቆዩ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ከጢስ ዓባይ በታች ካሉት ዘመዶቻቸውስ ጋር? በመካከላቸው 40 ሜትር ያህል ፏፏቴ ቆሟል። ይህን ለመመለስ ዘረመል የሚያነብ፣ ደለል የሚያነብ እና ወንዞቹን የሚያውቅ ሰው መገናኘት አለባቸው። ፖስትዶክ የምትባለው ነገር የምትወለደው እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤውን እንደገና እንጻፈው። «የ2007ቱን ጽሑፋችሁን አንብቤአለሁ። ሐይቁ መቼ እንደሞላ የሰጣችሁት ዕድሜ በዓሦቹ ዘረመል ሊፈተሽ ይችላል ብዬ አስባለሁ። እኔ የዘረመል ትንተና ሠርቻለሁ፣ በአራቱ ገባር ወንዞችም ናሙና መሰብሰብ እችላለሁ። የደለል እውቀት ግን የለኝም።» አራት ዓረፍተ ነገር። ይህ ለስልሳ ሰው አይላክም፤ ለሦስት ሰው ነው የሚላከው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት፤ የሚጎድላችሁን ስትናገሩ ለምን ወደ እነሱ እንደምትሄዱ ይገባቸዋል። (ናሙና ከአገር ለማውጣት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ማወቃችሁን ካሳያችሁ ደግሞ ሥራውን የምር እንደያዛችሁት ያያሉ።)

ዓሣ የማይጥማችሁ ቀና በሉ። ባሕር ዳር ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከዚያም ከፍ ብለው የሚነሡ የፕላዝማ አረፋዎች የጂፒኤስን ምልክት ያናውጣሉ። ፔሩ ከሊማ አጠገብ ሂካማርካ የተባለ ትልቅ ራዳር ከ1960ዎቹ ጀምሮ አላት፤ ስለ መግነጢሳዊ ወገብ ሰማይ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው እዚያ ነው። አፍሪካ ላይ መሣሪያው ጥቂት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ላቦራቶሪ የሚሠራው በዚሁ መስክ ነው። ዋሸራ ሲባል ቅኔ ትዝ የሚለው ሰው ስሙን ሳይወደው አይቀርም።

እስካሁን አመልካቹን ነው የወቀስኩት። ግማሹ ጥፋት ግን ቤታችን ነው።

የዩኒቨርሲቲዎቻችንን የማዕረግ መሰላል ታውቁታላችሁ፦ ረዳት ምሩቅ፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። ዶክትሬት የያዘ ሰው በቀጥታ ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል። ያኮራል፤ እናቱም እልል ትላለች። ግን በዚያው ሴሚስተር ኮርሶች ይደረደሩለታል፣ የሚያማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎች ይሰለፋሉ፣ ዕድለኛ ካልሆነ ደግሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይደረጋል። የዶክትሬት ጽሑፉ ውስጥ «ወደፊት መጠናት ያለበት» ብሎ የጻፈው ገጽ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በተለመደው መሰላላችን ላይ «ምርምር ብቻ የሚሠራ የሁለት ዓመት ሰው» የሚባል እርከን የለም። አንዳንዴ በውጭ ፕሮጀክት ገንዘብ ብቅ ቢል ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ነው። ስያሜው ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድን የምርምር ተቋም የምለካው በቀላል ጥያቄ ነው፦ አርባ ምንጭ ላይ ዶክትሬቱን የሠራ ሰው ጫሞን ትቶ ጣና ላይ ሁለት ዓመት ሊሠራ ቢፈልግ፣ በየትኛው በር ይገባል? ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኡጋንዳ የቪክቶሪያን ሐይቅ እምቦጭ ያጠና ሰው የእኛን ሊያይ ቢመኝስ? ፖሊ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት እዚህች ከተማ ድረስ መጥቶ የሚያስተምር የውጭ ሰው ነበር። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ መጥቶ የሚመራመር ሰው መቀበያ ወንበር አለመዘርጋታችን ይቆጨኛል።

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ይባላል፤ እውነት ነው። ኬሚካሉ፣ መሣሪያው፣ መለዋወጫው በዶላር ነው። ግን የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። በአንድ ተቋም በዓመት አምስት ሰው ከማስተማር ነፃ ማድረግ ከብዙ ዓመታዊ ዐውደ ጥናቶቻችን ድግስ ይበልጣል ብዬ አላምንም። ለሴቶች ደግሞ አንድ የማውቀው መንገድ አለ። መቀመጫው ጣልያን ትሪየስቴ የሆነውና በምህጻሩ ኦ.ደብልዩ.ኤስ.ዲ. የሚባለው የታዳጊ አገሮች የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት፣ ዶክትሬት ላላቸው ወጣት ሴት ተመራማሪዎች በገዛ አገራቸው ተቋም ለሚሠሩት ምርምር እስከ 50 ሺህ ዶላር ይሰጣል። በገዛ አገራቸው የምትለዋን አስምሩባት። እንዲህ ያለው ነገር ቻናሎቹ ላይ ሲዞር የማየው ስንት ጊዜ ነው? «ወደ ውጭ» የሚል ቃል ስለሌለበት ይሆን?

ሌላው በደል ጥርጣሬው ነው። ለዶክትሬት ውጭ የተላከ መምህር ተመልሶ ለማገልገል የፈረመው ውል አለ። ውሉ ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ሰውየው «ሁለት ዓመት ፖስትዶክ አገኘሁ» ሲል ገና በመጀመሪያው ቃል «ሊቀር ነው» ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ሳይነግር ይቀራል። ጨርሶ የሚመጣበት፣ ያቋረጠው ጊዜ በደንብ የሚቆጠርለት መንገድ ቢኖር የሚመለሰው ስንት ነበር? መመለሻውን እያጠበብን ቀሩብን ብለን እናለቅሳለን።

በዚያ በኩል ደግሞ ፖስትዶኩን እንደ ገነት የሚስሉትን አትመኗቸው። አሜሪካ ውስጥ በሳይንስና በምሕንድስና ፖስትዶክ ከሚሠሩት ከግማሽ በላይ በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ የውጭ ሰዎች ናቸው። የአገሩ ልጅ ለምን አልሞላውም? ከፊል መልሱ ኢንዱስትሪ የተሻለ ይከፍለዋል ነው። ኮንትራቱ ባለቀ ቁጥር ቪዛው አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለተኛ ፖስትዶክ፣ ሦስተኛ ፖስትዶክ እያሉ አርባ ዓመት የሚሞላቸው አሉ። ለጥያቄ የሄደ ሰው ሁለት ዓመቱን ጨርሶ የሚይዘው ነገር አለው። ለመሄድ ብቻ የሄደ ሰው ግን በሌላ ሰው ጥያቄ ላይ ርካሽ ጉልበት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህን ያየሁት በጓደኞቼ ነው።

ስለ መዝጊያ ቀኖችም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የ2024ቱ የማሪ ኩሪ ማመልከቻ የተዘጋው ሴፕቴምበር 11 ነበር። እንቁጣጣሽ! ብራስልስ ላይ ያለ ሰው ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ከዚያ ዓመት በፊት ግን የባሰ ነበር። በነሐሴ 2023 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የዚያ ዓመት መዝጊያ አንድ ወር ገደማ ነበር የቀረው። መስመሩ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ተቀባይ አግኝቶ፣ ሐሳቡን ጽፎ፣ መላኪያ ያጣ ሰው ስሙ የትም ስታቲስቲክስ ላይ አይወጣም። «የእኛ ልጆች አይወዳደሩም» የሚል አስተያየት በሰማሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ላላችሁት ይህ ሁሉ ሩቅ ይመስላል። አይደለም። ሊንክ መሰብሰቡን ተዉትና አንድ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ «ወደፊት መጠናት ያለበት» የሚለውን ክፍል በተለይ። አንድ ዘዴ በደንብ ልመዱ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሁን፣ የውኃ ናሙና መለካት ይሁን፣ የሳተላይት ምስል ማንበብ ይሁን፣ ሰው «ይህን እሱ ይችላል» የሚልላችሁ አንድ ነገር ይኑራችሁ። ጥርት ያላለላችሁን ጉዳይ ለጸሐፊው በትሕትና ጠይቁት። ቦታ አትጠይቁ፤ ስለ ጽሑፉ ጠይቁ። የሚመልስ ብዙ ነው፤ የገዛ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበለት ሰው ማግኘት ለተመራማሪ ብርቅ ነው።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ የዶክተር እሸቴ የ2003 ጽሑፍ ከዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ከእሱ ጋር ደ ግራፍና ባልደረቦቻቸው በ2004 ያወጡትን አንብቡት፤ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ መረቡ የሚይዘው የትልልቆቹ ነጭ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ታዩበታላችሁ። ሁለቱም የተጻፉት እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከመነገሩ በፊት ነው፤ እሱ የታወቀው በ2011 ነው። እምቦጩ የሚበዛው በዳር፣ በወንዞቹ መግቢያ አካባቢ ነው። ትልልቆቹ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት በዚያው በኩል ነው። ያቺ የጣት ያህል ዓሣ ግን ኑሮዋ መሐል ሐይቅ ላይ ነው። አዳኞቿ መንገዱ ተዘግቶባቸው ቢመናመኑ ትበዛ ይሆን? ወይስ ውኃው ተለውጦ የምትበላው አልቆባት ይሆን?